«ወፍራሙና ቀጭኑ»፦ የአብሮ አደጎች መገናኘት

ከአንቶን ቼኾቭ አጫጭር ልብ ወለዶች መካከል «ወፍራሙና ቀጭኑ» የተባለው ከሦስት ገጽ ብዙም አይዘልም። ድርጊቱም ጥቂት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ ሁለት ሰዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በኒኮላይ የባቡር መስመር ጣቢያ ድንገት ይገናኛሉ፤ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ የልጅነት ዘመናቸውን ያነሣሣሉ፤ ከዚያም አንደኛው የሌላውን ማዕረግ ይሰማና ነገሩ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ይለወጣል። ታሪኩን የሚያስተምሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በዛር ዘመን ቢሮክራሲ ላይ የተሰነዘረ ሽሙጥ ነው ብለው ያልፉታል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን የዛሩ መንግሥትም የማዕረጉም ሠንጠረዥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ከተሻሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ታሪኩ ግን አሁንም አንባቢን እያሳቀ ጀምሮ እያሳፈረ ይጨርሳል። ሽሙጥ ከተሸመጠበት ነገር ጋር አብሮ ያረጃል። ይህ ግን አላረጀም፤ ስለዚህ ከሽሙጡ ሥር ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

አብሮ አደግ ከሌላው ሰው ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው። ጎረቤት ቢከብር በአባቱ ርስት ነው ይባላል፤ ባዕድ ቢሾም ዕድሉ ነው ይባላል። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ መምህር አለንጋ ተገርፎ፣ አንድ ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው ቀድሞ ሲገኝ ግን ምክንያት ይጠፋል። መነሻው አንድ ከነበረ መድረሻው ለምን ተለያየ የሚለው ጥያቄ ሰውን እስከ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። እኩያ ማለት እንዲህ ያለ መለኪያ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሲያባርሩትም አይሄድም። አማርኛ ለስሜቱ ቃል አልነፈገም። ምቀኝነት የሌላውን ማጣት ይመኛል፤ ቅናት ለራስ ማግኘትን ይመኛል፤ «መንፈሳዊ ቅናት» የሚባለው ደግሞ የቀደመውን አይቶ መትጋት ነው። የቼኾቭ ታሪክ አስደናቂነት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በቀጭኑ ሰው ላይ አለመታየቱ ነው። ቀጭኑ አይመቀኝም፤ አይቀናም፤ ልትጋ ብሎም አያስብም። የደረሰበት ነገር ከሦስቱም የከፋ ነው፤ ደራሲውም ስም አላወጣለትም።

ታሪኩ ሰዎቹን ከመልካቸው አስቀድሞ በጠረናቸው ያስተዋውቃል። ወፍራሙ ጣቢያው ውስጥ ምሳውን በልቶ መነሣቱ ስለ ሆነ ከንፈሩ ወዝቷል፤ የወይን ጠጅና የብርቱካን አበባ ይሸታል። ቀጭኑ ከባቡር መውረዱ ነው፤ ሻንጣ፣ ጥቅልልና ካርቶን ተሸክሟል፤ የአሳማ ሥጋና የቡና አተላ ይሸታል። ከኋላው አገጯ ረጅም ሚስቱና አንድ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ተማሪ ልጁ ቆመዋል። ቼኾቭ ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር ይጨርሰዋል፤ አንባቢም ከአንድ ቃል ንግግር በፊት ማን እንደ ወጣና ማን እንደ ቀረ አውቆታል። ሁለቱ ሰዎች ግን አላወቁም፣ ወይም ለማወቅ አልቸኮሉም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ደራሲውም ሁለቱም ደስ በሚያሰኝ ድንጋጤ እንደ ተያዙ ይነግረናል። ይህ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ተመልሶ ስለሚመጣ በልብ መያዝ አለበት።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ቅጽል ስም ይነሣል። ወፍራሙ በልጅነቱ የመንግሥት የሆነ መጽሐፍ በሲጋራ ስላቃጠለ የኤፌሶንን ቤተ መቅደስ ባቃጠለው በሄሮስትራቶስ ስም ይጠሩት ነበር። ቀጭኑ ለአስተማሪ ነገር ማመላለስ ይወድ ስለ ነበር በቴርሞፒሌ ለፋርሶች መንገድ ባሳየው በኤፊያልቴስ ስም ይጠሩት ነበር። ይህን የሚያስታውሰው ቀጭኑ ራሱ ነው፤ አስታውሶም ይስቃል። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ አብሮ ስቆ ያልፋል፤ ነገሩ ግን ከቀልድ በላይ ነው። የመንግሥትን ንብረት ያቃጠለው ልጅ ከመንግሥት ማዕረግ ጫፍ አጠገብ ደርሷል፤ ለባለ ሥልጣን ሲያመላልስ ያደገው ልጅ መካከል ላይ ቀርቷል። መታዘዝ ያሳድጋል ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚህ የበለጠ ስድብ አይገኝም። ቼኾቭ ግን አልጫነውም፤ ነገሩን ጥሎ ይሄዳል፣ የፈለገ ያነሣዋል። የሃያ ሦስት ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኖ፣ ለአንድ የፔተርስቡርግ የቀልድ መጽሔት በመስመር ልክ እየተከፈለው የጻፈው ጽሑፍ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ቁጥብነት ያስደንቃል።

ማነጻጸሩን ማን ጀመረው? ይህ ጥያቄ ታሪኩን ለመረዳት ዋና ነው፤ መልሱም «ቀጭኑ» ብቻ አይደለም። ቀጭኑ ገና እቅፉን ሳይፈታ ባልንጀራው ሀብታም መሆኑንና ማግባቱን ይጠይቃል፤ ወዲያው ደግሞ የራሱን ሚስትና ልጅ ያሳያል። ወፍራሙ በበኩሉ የት እንደሚያገለግልና ወዴት እንደ ደረሰ ይጠይቀዋል። ቀጭኑም ይዘረዝራል፦ ስምንተኛው ማዕረግ ላይ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የስታኒስላቭ ኒሻን አለው፤ ደመወዙ ግን የማይረባ ነው፤ ሚስቱ ሙዚቃ እያስተማረች፣ እሱም ከእንጨት የሲጋራ መያዣ እየሠራ አንዱን በአንድ ሩብል እየሸጠ ይኖራሉ፤ ዐሥርና ከዚያ በላይ ለሚገዛ ዋጋ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሰውየው አያሳፍርም። በእጁ ሙያ ቤቱን የሚደጉም፣ በኑሮው የማያፍር፣ ለአብሮ አደጉ ችግሩን ያልደበቀ ሰው ነው። ከታሪኩ ሁሉ ይህ አንድ አንቀጽ ነው የእውነተኛ ወዳጅነት ቋንቋ ያለበት።

በዚህ ላይ የሩሲያን የማዕረግ ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ያወጣው ሠንጠረዥ አገልጋይን ሁሉ ከታች ከዐሥራ አራተኛው ጀምሮ እስከ አንደኛው በእርከን ከፍሎ ነበር፤ ለየደረጃውም የተወሰነ የአክብሮት መጠሪያ ነበረው። ቀጭኑ ሠንጠረዡን በቃሉ ያውቃል። ስለዚህ ባልንጀራውን መልሶ ሲጠይቅ አምስተኛው ላይ ደርሶ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ግምቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሰውየው ገና ምንም ሳይነገረው ራሱን ከጓደኛው በሦስት እርከን ዝቅ አድርጎ አስቀምጧል። ይህም አልከበደውም፤ ፊቱ አልተለወጠም፤ «አንተ» ማለቱን አልተወም። እንግዲህ በእኩያ መበለጥ ብቻውን አላንበረከከውም ማለት ነው። ወፍራሙ ግን ከፍ አድርገህ ገምት ብሎ ሦስተኛው ማዕረግ ላይ መድረሱንና ሁለት ኮከብ ማግኘቱን ሲነግረው፣ ሁለት እርከን የተጨመረ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ወሰን ተሻግሯል። አራተኛውና ሦስተኛው የሲቪል ጄኔራሎች ደረጃ ናቸው፤ መጠሪያቸውም «ክቡርነትዎ» ነው። ቀጭኑ ይገረጣል፤ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ከዚያም ፊቱ በሙሉ በፈገግታ ይጣመማል። ደራሲው ከዚህ በላይ ሄዶ ሻንጣዎቹና ጥቅልሎቹ ሳይቀሩ እንደ ተሸበሸቡ፣ የሚስቱ አገጭ ይበልጥ እንደ ረዘመ፣ ልጁም ቀጥ ብሎ የደንብ ልብሱን ቁልፎች ሁሉ እንደ ቆለፈ ይነግረናል። ዕቃ ሲያጎነብስ የታየበት ሌላ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ታሪክ ሁለት ጊዜ መጻፉን ሁሉም አንባቢ አያውቅም፤ የሁለቱ ጽሑፎች ልዩነት ግን ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። በ1883 «ኦስኮልኪ» በተባለው መጽሔት የወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ የማጎብደዱን ምክንያት ይሰጥ ነበር። ወፍራሙ ቀጭኑ አዲስ የተመደበበት መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ ይገኛል፤ ይህን ሲያውቅም ወፍራሙ ራሱ እንደ አውራ ዶሮ ተነፍቶ ሥራ ላይ ዘግይተህ ደረስህ ብሎ ይገሥጸዋል። ጨካኝ አለቃና የሚንቀጠቀጥ የበታች፤ አንባቢ የለመደው ነገር ነው። በ1886 ቼኾቭ ታሪኩን «ልዩ ልዩ ታሪኮች» ለተባለው መድበሉ ሲያዘጋጅ አለቅነቱን አወጣው፤ ግሣጼውንም ሰረዘው። አሁን ወፍራሙ በቀጭኑ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ሊሽረው አይችልም፣ ሊሾመውም አላሰበም። እንዲያውም ይህ ሁሉ እጅ መንሣት ለምን አስፈለገ፣ የልጅነት ጓደኞች አይደለንም ወይ ብሎ ይቆጣል። ማጎብደዱ ግን አልቀነሰም፤ ባሰ እንጂ። ደራሲው ፍርሃቱን ቢያነሣው ከሥሩ የነበረው ነገር ብቻውን ቀረ።

በዚያው በ1886 መጀመሪያ ላይ ቼኾቭ ለታላቅ ወንድሙ ለአሌክሳንድር በጻፈው ደብዳቤ እነዚያን የተጨቆኑ ትንንሽ ጸሐፊዎች ከታሪኮችህ አውጣልኝ፣ ነገሩ ዘመኑ አልፎበታል ሲል መክሮት ነበር። ምክሩ ከጎጎል «ካፖርት» ጀምሮ የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ሲያለቅስለት የኖረውን ምስኪን ጸሐፊ የሚመለከት ነው። ጎጎል በ1842 ባወጣው ታሪክ ለአካኪ አካኪየቪች እንድናለቅስ አስተምሮን ነበር፤ ልክም ነበር። ቼኾቭ ግን ለቀጭኑ እንድናለቅስ አይፈቅድም። ምክንያቱም ማንም አልነካውም። በጨቋኝ የተጎነበሰ ሰው ጨቋኙ ሲሄድ ሊቃና ይችላል፤ በራሱ ሚዛን የተጎነበሰ ሰው ግን ሚዛኑን ተሸክሞ ይሄዳል። የገበሬ ባሪያ የልጅ ልጅ የሆነው ቼኾቭ ይህን ከመጽሐፍ የተማረው አይደለም። በ1889 ለሱቮሪን በጻፈው ደብዳቤ የባሪያን ደም ከሥሩ ቀስ በቀስ ስለሚያወጣ ወጣት ታሪክ እንዲጻፍ ሲጠይቅ የገለጸው ወጣት ማዕረግ ማክበርን እየተማረ ያደገ ነው፤ ተቺዎች ይህ ወጣት ራሱ ቼኾቭ ነው ማለታቸው በቂ ምክንያት አለው።

ታሪኩን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከእንግሊዝኛው ተርጓሚ የተሻለ ዕድል አለው። ሩሲያኛው በማዕረጉ መገለጥ ላይ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ይዘላል፤ እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ተርጓሚው ዝላዩን በሌላ መንገድ ማካካስ አለበት። አማርኛ ግን ዝላዩን በተውላጠ ስሙ ብቻ ሳይሆን በግሡም ያሳየዋል። «እንዴት ከረምህ» ያለ አፍ «እንዴት ከረሙ» ሲል ይሰማል፤ ቀጭኑ ያንኑ ሚስቱንና ያንኑ ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያስተዋውቅ፣ ያው ቃል በአዲስ ግሥ ሲመለስ፣ አንባቢ የሰውየውን ወገብ ሲታጠፍ ያያል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የወፍራሙ ንግግር ነው። ወፍራሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንተ» ማለቱን አይተውም። ቃሉ አልተለወጠም፤ ነገር ግን ቀጭኑ «እርስዎ» ካለው በኋላ ያው «አንተ» የአብሮ አደግ «አንተ» መሆኑ ቀርቶ የጌታ «አንተ» ይሆናል። ወፍራሙ እኩል ነን ብሎ በሚቆጣባት በዚያች ቅጽበት አፉ ከላይ ወደ ታች ይናገራል፣ እሱም ሊያርመው አይችልም። የእኩልነት ቋንቋ ሁለት ተናጋሪ ይፈልጋል። ቀጭኑ ከእኩልነቱ ሲወጣ ወፍራሙንም ይዞት ወጥቷል። ጥሩ ተርጓሚ እዚህ ላይ ምንም መጨመር የለበትም፤ ማብራሪያ ቢያስገባ ያበላሸዋል።

መጨረሻው እንደሚታወቀው ነው። በቀጭኑ ፊት ላይ የተጻፈው አክብሮትና ጣፋጭነት ወፍራሙን ሊያስመልሰው ይደርሳል፤ ፊቱን አዙሮ ለስንብት እጁን ይዘረጋል። ቀጭኑ ሦስት ጣት ብቻ ይጨብጣል፤ በመላ አካላቱ ያጎነብሳል፤ ይሽኮረመማል። ያ መጀመሪያ ላይ የነበረው ዓረፍተ ነገርም ይመለሳል፤ አሁን ግን ደስ በሚያሰኝ ድንጋጤ የተያዙት ሁለቱ ሳይሆኑ ሦስቱ ናቸው፤ አባት፣ እናትና ልጅ። ወፍራሙ ከቁጥሩ ወጥቷል። ደራሲው ደስታቸው የውሸት ነው አላለም። ቀጭኑ በእውነት ደስ ብሎታል። ጓደኛ አግኝቶ ከተደሰተው ይልቅ ታላቅ ሰው አግኝቶ የተደሰተው ይበልጣል። የታሪኩ አስፈሪ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅናት ክፉ ነው ቢባልም፣ የሚቀና ሰው ቢያንስ ያ ለእኔም ይገባኝ ነበር ይላል፤ እኩልነቱን ገና አልፈረመም። ቀጭኑ ፈርሟል። ተስፋ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ እንኳ ያዘነ ሰው ባገኘን ነበር፤ እሱ ግን በደስታ ፈርሟል።

ወፍራሙን ብዙ ተቺዎች ያወድሱታል፤ ትሑት፣ ሰብዓዊ፣ ማዕረጉን የረሳ ሰው ነው ይሉታል። ይህ ውዳሴ ከጽሑፉ ጋር አይስማማም። ግምቱን ከፍ አድርግ ያለው ማነው? ኮከቦቹን የቆጠረው ማነው? የአምስተኛውን ማዕረግ ግምት ዝም ብሎ ቢያሳልፈው፣ ወይም ስለ ሲጋራ መያዣው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ሁለቱ ሰዎች ባቡሩ እስኪነሣ ድረስ ሚሻና ፖርፊሪ ሆነው በቆዩ ነበር። ሲቆጣም ቁጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሊለምነው ሲጀምር ተጸይፎ ይሄዳል። መጸየፍ ደግሞ ከላይ ያለ ሰው ምቾት ነው፤ ከታች ያለው የሚጸየፍበት ጊዜ የለውም። ይህ ሁሉ ሆኖ ወፍራሙም ከስሯል። በትምህርት ቤት ስሙ የሚጠራውን ሰው አገኘና በአምስት ደቂቃ ውስጥ አጣው።

ጀምስ ጆይስ በ1906 የጻፈው፣ በ1914 «የደብሊን ሰዎች» ውስጥ የወጣው «ትንሽ ደመና» ለዚህ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ትንሹ ቻንድለር በደብሊን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ የወጣትነት ጓደኛው ጋላኸር ለንደን ሄዶ ስመ ጥር ጋዜጠኛ ሆኗል። ከስምንት ዓመት በኋላ በአንድ መጠጥ ቤት ይገናኛሉ። ቻንድለር ከቀጭኑ የተለየ ሰው ነው፤ በትውልድም በትምህርትም እኔ እበልጠዋለሁ፣ ያጣሁት ድፍረት ብቻ ነው ብሎ ያስባል። ማለትም ይቀናል፤ ቅናቱም እኩልነቱን ይጠብቅለታል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ ሕፃን ልጁን ታቅፎ የባይሮንን ግጥም ሊያነብ ሲሞክር ልጁ ያለቅሳል፤ በፊቱ ላይ ይጮኽበታል። ጆይስ ከቼኾቭ ይበልጥ ይዘልቃል፤ ሰውየውን እስከ ቤቱ ይከተለዋል። በሌላ በኩል ጋላኸር ከወፍራሙ ያነሰ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ጉረኛነቱ ገና ሲገባ ስለሚታወቅ አንባቢ በእሱ ላይ የሚጠይቀው ነገር የለም።

በሁለቱም ታሪኮች የምናየው በተበለጠው ሰው በኩል ነው። የበለጠው ብዕሩን ሲያነሣስ ምን ይሆናል? መልሱ ከልብ ወለድ ውጭም ይገኛል። ኤሚል ዞላና ሠዓሊው ፖል ሴዛን በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ ከተማ በኮሌዥ ቡርቦን አብረው የተማሩ ናቸው። ያን ጊዜ አባት የሞተበትና ድኻው ዞላ ነበር፤ ሴዛን የባንክ ባለቤት ልጅ ነው። በ1886 ግን ዞላ ከ«ዤርሚናል» በኋላ በመላው አውሮፓ የሚታወቅ፣ በሜዳን የገጠር ቤት የገዛ ደራሲ ሆኗል፤ ሴዛን አርባ ሰባት ዓመት ሞልቶት ሥዕሎቹ ከፓሪሱ የሥዕል አዳራሽ ሲመለሱበት ከርመዋል። በዚህ ዓመት ዞላ «ሥራው» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ክሎድ ላንቲዬ የሚባል ሠዓሊ ነው፤ የልጅነት ጓደኛው ሳንዶዝ የተሳካለት ደራሲ ነው። ላንቲዬ ሊጨርሰው ባልቻለው ሥዕል ፊት ራሱን ይሰቅላል። ዞላ ገጸ ባሕርዩን ከአንድ ሰው ብቻ አልቀዳም፤ ልጅነቱ ግን የኤክስ ልጅነት ነው፣ ሴዛንም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። መጽሐፉ ሲደርሰው አጭር፣ ጨዋ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ይህ የመጨረሻ ደብዳቤው ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ በኋላ ግን በ1887 መጨረሻ የጻፈው ሌላ ደብዳቤ ተገኝቷል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ወዳጅነቱን በአንድ ቀን ቆረጠው የሚለው ታሪክ ከእውነቱ የቀለለ ነበር።

ዞላ ክፉ ሰው ስለ ነበረ አይደለም። ሳንዶዝ ለጓደኛው ያዝናል፤ ቀብሩም ላይ ይገኛል። ግን ኀዘኑ ከላይ ነው። ዞላ የሴዛንን ሥዕል በተጨረሰና ባልተጨረሰ፣ በተሸለመና ባልተሸለመ ሚዛን ለካው፤ ሚዛኑ የፓሪሱ አዳራሽ ሚዛን ነበር። በ1896 እንኳ፣ ሴዛን ከአንድ ዓመት በፊት በቮላር የመጀመሪያ የግል ትርኢቱን ካሳየ በኋላ፣ በጋዜጣ ላይ ታላቅ መሆን ሲችል ሳይወለድ የቀረ ሠዓሊ አድርጎ ጠቀሰው። ከዚያ ወዲህ የሥዕል ሚዛን ራሱ ተለወጠ፤ ከሴዛን በኋላ የመጣው ሥዕል ከሴዛን ተነሣ። ይህ ግን ለሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት ያደረገው ነገር የለም። የማዕረጉ ሠንጠረዥ ቢገለበጥም ሠንጠረዥ ነው፤ ዛሬ ሴዛንን አወዳድሮ ዞላን የሚያሳንስ ሐያሲም በዚያው በቀጭኑ ሰው ሒሳብ እየቆጠረ ነው።

እነዚህ ሦስት ሥራዎች አንድ የሚጋሩት፣ እምብዛም ያልተነገረ ነገር አለ፤ በሦስቱም ውስጥ ልጅ አለ። በጆይስ ሕፃኑ ይጮኽበታል። በዞላ የላንቲዬ ልጅ ዣክ ችላ ተብሎ ያድጋል፣ ይሞታል፤ አባቱም የልጁን ሬሳ ቁጭ ብሎ ይሥላል። እነዚህ ሁለቱ የሚያስለቅሱ ናቸው። በቼኾቭ ልጁን ማንም አይነካውም። ናትናኤል በዚያ ጣቢያ ውስጥ ካሉት ሁሉ አሁንም ተማሪ የሆነው እሱ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነው። አባቱ መጀመሪያ ሲያስተዋውቀው ጥቂት አስቦ ነበር ቆቡን ያወለቀው፤ ወዲያውም ከአባቱ ጀርባ ተሸሸገ፣ ልጅ እንደሚያደርገው። ማዕረጉ ከተነገረ በኋላ ግን ማሰቡ ቀርቷል። ቁልፉን ማንም ቆልፍ ሳይለው ቆለፈ። በስንብቱም ላይ እግሩን አፋፍቆ እጅ ሲነሣ ቆቡ ከእጁ ወደቀ። በነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ናትናኤልም ከጎኑ የተቀመጡትን ልጆች አንድ በአንድ ይመለከታል።